ሦስት ምልክት በገብስ ቅጠል ላይ

ከጎንደር የወጣሁት አንድ ገበሬ ውሸታም መሆኑን ላረጋግጥ ነው። ይህን ከወዲሁ ልናገረው፤ አለበለዚያ ወደ በኋላ በቅን ልቦና እንደሄድኩ አድርጌ ማውራቴ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮሶዬ አለፍ ብሎ አያ ታደገ የሚባሉ ሰው ጥቁር ገብስ ይዘራሉ። ባለፈው ክረምት ዋግ የሚባለው ሻጋታ የአካባቢውን ገብስ ሁሉ ቀይ ዝገት ሲያለብሰው የእሳቸው ማሳ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። በዚህ የተነሳ የአካባቢው ዘር አባዢ ማኅበር ዘሩን ገዝቶ ለጎረቤት ገበሬዎች ሊያከፋፍል አሰበ። ጎረቤቶቹ ግን ያጉረመርማሉ። «ታደገ ሰው ሳያየው መድኃኒት ይረጫል እንጂ ገብሱማ ያው ገብስ ነው» ይላሉ። እውነት የሚረጩ ከሆነ ያንን ዘር የወሰደ ሁሉ በሚቀጥለው ክረምት ባዶ እጁን ይቀራል። የማይረጩ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌው በገዛ ቀዬአቸው ስማቸው በከንቱ ጠፋ ማለት ነው። ሐሜቱ ከተነሳ ወዲህ የሰንበቴ ማኅበራቸውን መካፈል መተዋቸውን የዘር አባዢ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስልክ ነግሮኛል። ሊቀመንበሩ ለመወሰን የእኔን ቃል ይጠብቃል፤ እኔ ጎንደር ከተማ በአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጠል ሲጠቃ ምን እንደሚያደርግ የማጠና መምህር ነኝ።

ቅጠል ሲጠቃ ዝም አይልም። በሴሎቹ ሽፋን ላይ ተተክሎ የሚኖር አንድ ኢንዛይም አለ፤ በሰላም ጊዜ ሥራ ፈት ነው። የሻጋታው ምልክት ሲደርሰው ይነቃና ከሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮን እያወጣ ውጭ ላለው ኦክስጅን ያሸክመዋል። ያ የምንተነፍሰው ገራም ኦክስጅን ቁጡ ይሆናል። ወዲያውም ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል፤ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ማለት ነው። አጥቂውን ያቃጥላል፣ የሴሉን ግድግዳ ያጠነክራል፣ ለጎረቤት ሴሎችም ጠላት መግባቱን ያስታውቃል። አንዳንዴ የተጠቃው ሴል ራሱም አብሮ ይሞታል። ዋግ የሚኖረው ሕያው ሴል እየበላ ስለሆነ ሬሳ ሲጠብቀው እዚያው ይቀራል። ይህንን በዓይን የሚያሳየን ቀለም አለ። ቅጠሉን ቀለሙ ውስጥ አሳድረን አረንጓዴውን በትኩስ አልኮል ስናጥበው፣ ፐርኦክሳይድ የተመረተበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

አያ ታደገ ሁለት ጊዜ ቅጠል ልከውልኛል። ሁለቱንም ጊዜ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ሦስት ቡናማ ምልክት ወጣ፤ አንዱ ከጫፉ፣ አንዱ ከመሐሉ፣ አንዱ ከግርጌው። ዋግ ደግሞ ተሰልፎ አያርፍም። ይህ የሰው እጅ ነው፣ ኬሚካል ነጥቦ ያቃጠለው ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ እንደሆንኩ ሰው ቶሎ የማምን አይደለሁም፤ ባለቤቴ ሻይ ቤት ገብተን ሂሳብ ሲመጣ ደረሰኙን ገልብጬ ጀርባውን እንኳን ስለማይ ትስቅብኛለች።

ወደ ኮሶዬ

ነሐሴ እየተገባደደ ነው። በማለዳ መናኸሪያ ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ብቻ ቀርቷል። ወደ ደባርቅ መንገድ ከሚሄዱት ሚኒባሶች አንዱ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ማቀዝቀዣ ሳጥኔን አየና የሰው ሂሳብ ጠየቀበት። «ሳጥን ይቀመጣል እንዴ?» ስለው «ያንተ ሳጥን ይቀመጣል፣ እዚያው እንደ ሰው ጉልበትህ ላይ አድርገኸዋል» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ቦታ እንደጠበበኝ አይታ «ልያዝልህ» ብላ እጇን ዘረጋች። ይህ የመንገዳችን ደግ ልማድ ነው፤ የተቀመጠ የቆመውን፣ የሰፋው የጠበበውን ዕቃ ይይዛል። እኔ ግን «አመሰግናለሁ፣ አይከብደኝም» ብዬ ሳጥኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ሴትዮዋ እጇን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው ሳጥኑን አስከፈተኝና ቀለሙ ያለበትን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የቅጠል ቀለም ነው። ቅጠል ሲታመም ያሳያል።»

«ቅጠል ሲታመምማ ዓይን ያሳያል» አለኝ። ከዚያ ብሩሹን፣ መቀሱን፣ ጓንቱን አንድ በአንድ አየ። መታወቂያዬን ሁለቴ አገላበጠ። በልቤ ተቆጣሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ግን ሰውየው የሚያደርገው እኔ ልሠራው የምሄደውን ሥራ መሆኑ ታወሰኝ። ይህ አላስደሰተኝም። ብልቃጡን መልሶ ሲሰጠኝም ክዳኑ መጥበቁን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጎንደርን ከኋላ ጥለን ከፍ ባልን ቁጥር መስኮቱ እየቀዘቀዘ፣ ጋቢ ያልለበሰ ሁሉ እየተኮራመተ ሄደ። ባሕር ዛፉ አልፎ ማሳው ሲገለጥ ገብሱንና ባቄላውን እያየሁ ዋጉን ፈለግኩ። አልቸገረኝም፤ አንዳንዱ ማሳ ከመንገድ ዳር እንኳን ቀይ አቧራ የለበሰ መሆኑ ይታያል። ከግራ በኩል መሬቱ ድንገት ይቋረጥና ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ የዚያን ዕለት ግን ጉም ሞልቶት ከነጭ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ኮሶዬ ወርጄ ከመንገድ ዳር ምግብ ቤት ቅቅል ድንች በአዋዜ በላሁ። ድንቹ ትኩስ ነው፤ እጄን እያሞቅኩበት የአያ ታደገ ቤት ወዴት እንደሆነ ባለቤቲቱን ጠየቅኳት።

«ምነው? ምን አጠፋ?» አለች።

«ምንም። ገብሱን ለማየት ነው።»

«ገብሱንስ መልካም ብለዋል። ሸጋ ገብስ ነው። ብቻ ሰው ብዙ ይላል።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም ያንን እንደ ማስረጃ ያዝኩት።

ማሳው ዳር

የአያ ታደገ ቤት ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። እሳቸው ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ በሩ ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ልጃቸው ፈንታነሽ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ በዚያው መንደር ትዳር ይዛ የምትኖር ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ወላጆቿን ልታግዝ መጥታ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን ገና ሳልቀመጥ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። በጀርባ የሚታዘል መርጫ በሚስማር ተሰቅሏል።

ደስ አለኝ። ደስታ ሊባል የማይገባው ዓይነት ደስታ ነበር።

«አያ ታደገ፣ ይህ መርጫ ለምንድን ነው?»

«ለበጎች» አሉ። «መዥገር ሲበዛ እንረጭበታለን።»

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። የበግ መድኃኒት ይሸታል። ቢሆንም ሰው አጥቦ ሌላ ነገር ሊጨምርበት ይችላል ብዬ በልቤ ያዝኩት። ፈንታነሽ ሳሸት አይታኝ ኖሮ «ይቅመሱት እንጂ» አለች። አባቷ ገሠጿት።

ማሳውን ዞርኩት። እውነቱን ለመናገር ያማረ ነው። ድንበር ላይ ያለው የጎረቤት ገብስ ዋግ በልቶት ስነካው ጣቴ ቀይ ሆነ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ የአያ ታደገ ጥቁር ገብስ ንጹሕ ነው። ለእኔ የሚሆነውን ፈተና አሰብኩ። ማሳው ተረጭቶ ከሆነ የዋጉ ዱቄት ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ሳይገባ ይሞታል፤ ቅጠሉም የሚነቃበት ነገር አያገኝም፤ በቀለሙ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ካልተረጨና ገብሱ በእውነት ጠንካራ ከሆነ ግን ዋጉ ለመግባት በሞከረበት ቦታ ሁሉ ኢንዛይሙ ይነሳል፣ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቡናማ ነጥቦች ይወጣሉ። ስለዚህ ከጎረቤት ገብስ ላይ ዋጉን በብሩሽ ጠርጌ የአያ ታደገ ገብስ ላይ መቀባት አለብኝ።

ይህን ስነግራቸው አያ ታደገ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«በሽታ ልታመጣብኝ ነው የመጣኸው መምህር?»

«በሽታውማ እዚሁ ድንበርዎ ላይ ነው። ነፋስ በየቀኑ ያመጣዋል።»

«ነፋስ ያመጣውና ሰው የቀባው አንድ ነው?»

እትዬ ጥሩ «ይሂድ! ቅጠል የሚለምን ሰው፣ እህል የማይለምን፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። ጥያቄው ለእኔ አልነበረም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

አያ ታደገ ወደ ማሳው ዞሩ። «ጥርሴን ነክሼ ሰንበቴ ከቀረሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ» አሉ። «ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ጽዋ ስቀበል የሁሉም ዓይን እጄ ላይ ነው፤ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደረጨ። እኔ ገብሴን አምነዋለሁ። ቅባ መምህር። ብቻ ከዚህ ጥግ እንዳታልፍ።» ጥጉን በዱላቸው አሰመሩልኝ።

ቀባሁ። እዚያው አደርኩ፤ ሽሮ በሉልኝ፣ ጠላ ጠጡልኝ ብለው እንደ ዘመድ አስተናገዱኝ፤ ሲያስተናግዱኝም አንዳቸውም ዓይናቸውን ከሳጥኔ ላይ አላነሱም። ሌሊቱን ጉም ወርዶ ማሳው ረጥቦ አደረ፤ ዋግ ደግሞ ለመግባት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሦስቱ ምልክት

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ቅጠል ልቆርጥ ስዘጋጅ እትዬ ጥሩ ከፊቴ ገቡ። «ከእኛ ማሳ እርጥብ ነገር በእኛ እጅ ነው የሚወጣ» አሉና አንድ ቅጠል ሸለቱ። ከዚያ ሳይሰጡኝ በፊት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫፉን ጫን አሉት። መሐሉን ጫን አሉት። ግርጌውን ጫን አሉት። እያንዳንዱን ሲጫኑ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ እያሉ ነው።

ቅጠሉን ከእጃቸው ተቀብዬ ሦስቱን የጥፍር ምልክት አየሁ።

«እትዬ ጥሩ፣ የሚላኩልኝን ቅጠሎች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?»

«ታዲያስ? በእናቴም ቤት እንዲህ ነው። ለማናውቀው ሰው ከማሳ እርጥብ ነገር ሲሰጥ ምልክት ይደረግበታል። ዓይኑ ምልክቱ ላይ ይውደቅ እንጂ ማሳው ላይ እንዳይወድቅ። ስንት ቅጠል ምልክት አደረግሁበት አንድ በአንድ! ጥፍሬ እስኪያመኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅኩም፤ የእኔ ነገር የሚያስቅ አልነበረምና። ኢንዛይሙ የተነሳው በሻጋታም በኬሚካልም አልነበረም። ቅጠል ሲጠቃ ብቻ ሳይሆን ሲቆስልም ይኸው ኢንዛይም ይነቃል፤ ጥፍር ይሁን የአንበጣ ጥርስ አይጠይቅም። ከጎንደር ድረስ ቡናማ ሆኖ የጠበቀኝ የእትዬ ጥሩ ጥርጣሬ ነበር።

ለማስረዳት ሞከርኩ። «ቅጠሉ ሲጨመቅ ይደነግጣል። ራሱን ለመከላከል የሚያቃጥል ነገር ያወጣል። እኔም ያንን አይቼ አባወራዎን ጠረጠርኩ።»

«ምልክት ካላደረግሁ እኔስ አንተን በምን ልመን?» አሉ።

በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። «እንግዲያው ምልክቱ ይቅርና ልጄ ትሂድ። የራሷን ቅጠል ትያዝ፤ አንተም የራስህን። እሷ ቆማ እያየች ይሁን።» ፈንታነሽ ክዳን ያላት ትንሽ የማር ባልዲ አመጣች። መቀሴን ተቀብላ እየቆረጠች፣ ባልዲዋ ውስጥ ካለው ውኃ እየዶለች፣ ከሦስቱም ዓይነት ያዘች፤ ካልተቀባው፣ ከተቀባውና እኔ ለማነጻጸር በዚያው ብሩሽ ከቀባሁት የጎረቤት ገብስ። ክዳኑን ከገጠመችው በኋላ ዙሪያውን በሊጥ ደፈነችው።

«ሊጡ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«መንገድ ላይ ቅጠል እንዳይቀየር» አለች፤ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ።

እኔም የራሴን ከዚያው ቦታ ቆርጬ በእርጥብ ወረቀት ጠቀለልኩ። አያ ታደገ እስከ መንገድ ሸኙን። ሚኒባሱ ሲመጣ «እንዳየኸው ንገራቸው። ሳትጨምር» አሉኝ።

መልስ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ካልወጣ አንጫንህም አለ። ጣሪያ ላይ ያለ ሳጥን ማን ይከፍተው ማን ይቀይረው አይታወቅም፤ ስለዚህ የወረቀቱን ጥቅል አወጣሁና በእጄ ያዝኩት። ፈንታነሽ ባልዲዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እጆቿን ክዳኑ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። መንገዱ በጠመዘዘ ቁጥር ውኃው ቅጠሎቹን ያንሳፍፋቸዋል፤ እኔ ደግሞ ጥቅሌን ጠበቅ አደርጋለሁ። ኬላው ጋ ስንወርድ ያው ጠባቂ ሊጡን አይቶ «ጠላ ነው?» አላት። «ቅጠል ነው» አለችው። ወደ እኔ ዞረና «እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችኋል?» አለ። ግን አሳለፈን።

ቤተ ሙከራው ደርሰን ሊጡን ራሷ ፈልፍላ ከፈተችው። የእሷን በአንድ ሳህን፣ የእኔን በሌላ ሳህን ቀለሙ ውስጥ ነከርን። ብርሃን እንዳያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ስቆልፍ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«ፈንታነሽ፣ ይህ የመንግሥት ቁም ሳጥን ነው።»

«ገብሱ ደግሞ የአባቴ ነው።»

ሰጠኋት። ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችውና አክስቷ ቤት ልታድር ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

አልኮሉን አሙቄ አረንጓዴውን ሳጥብ ሁለታችንም ሳህኑ ላይ አጎነበስን። መጀመሪያ የእሷ ወጣ። ያልተቀባው ቅጠል መቀስ ከነካው ጫፍ በቀር እንደ ነጭ ወረቀት ንጹሕ ሆነ። ዋግ የተቀባው የአባቷ ገብስ ላይ ብዙ ደቃቅ ቡናማ ነጥቦች ወጡ፤ በተቀባበት ሁሉ ተበትነዋል፤ የተሰለፈ የለም። በማጉያ መነጽሩ አሳየኋት። እያንዳንዱ ነጥብ ዋጉ ሊገባ ሲል የተሰናከለበት ቦታ ነው። የጎረቤቱ ገብስ ላይ ይህ አንዱም የለም፤ ጠላት ገብቶበት ተኝቷል። ማሳው አልተረጨም፤ ቢረጭ ኖሮ የአባቷም ገብስ የሚነቃበት ባልነበረው።

ደስ ይበላት ብዬ ቀና ስል እሷ የእኔን ሳህን እያየች ነው።

«ይኼ የማን ነው?» አለች።

ያልተቀባው የእኔ ቅጠል፣ ንጹሕ መሆን የነበረበት፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ቡናማ ጠባሳ አለው። ከሥሩ የነበረው ሁለተኛው ቅጠልም እንዲሁ። ፈንታነሽ እጄን እንደ ዶክተር ያዘችና አውራ ጣቴን ጠባሳው ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። ከኮሶዬ እስከ ጎንደር ጨብጬው ነበር የመጣሁት።

«እርስዎም ምልክት ያደርጋሉ ለካ» አለች።

ስቃ ብታልፈው ይሻለኝ ነበር፤ አልሳቀችም።

ሊቀመንበሩን እዚያው እሷ ፊት ደወልኩለት። ማሳው እንዳልተረጨ፣ መከላከያው ከገብሱ ከራሱ እንደሆነ ነገርኩት። ዋግ መልኩን ስለሚቀያይር ለዘላለም ዋስትና እንዳልሰጠሁም ጨመርኩ። የቀድሞዎቹ ሦስት ምልክቶች ከየት እንደመጡም አልደበቅኩም። ከዚያ ፈንታነሽ ለአባቷ ደወለች። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚሰማ የሚሉትን ሰማሁ። «ሳይጨምር ነው የተናገረው?» አሉ።

«ሳይጨምር።»

«እንግዲያው እሑድ ሰንበቴ እሄዳለሁ» አሉ። ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም ሳህን የማጥብ መሰልኩ።

ስትሄድ ለእናቷ የምታሳየው አንድ ቅጠል ለመነችኝ። ነጥብ ነጥብ ያለበትን የአባቷን ገብስ መርጬ በመስታወት መሐል አደረግኩላት። መልሳ ሰጠችኝ። «ይህን አታምንም። ያንን ይስጡኝ» ብላ የእኔ አውራ ጣት ያለበትን ወሰደች። «እናቴ የእንግዳ እጅ ቅጠል ያሳምማል ስትል ኖራለች። ይኸው ልክ ነበረች።»

ልከራከራት ፈለግሁ፤ የእንግዳ ሳይሆን የጠበቀ እጅ ነው ልላት። ተውኩት። ሳስበው ልዩነቱ ለቅጠሉ ምኑም አይደለም።

ማታ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ታክሲ ሞልቶ ሳጥኔን አቅፌ ቆሜ ሄድኩ። ያ ኢንዛይም የሌለው ቅጠል አንድ ክረምት አይተርፍም፤ ሌት ተቀን የሚነሳበት ቅጠል ግን ራሱን አቃጥሎ ይጨርሳል። በእኔ የሚብሰው የትኛው እንደሆነ ባለቤቴ ሳትጠየቅ ትነግረኛለች። ይህን እያሰብኩ ሳለ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው «አምጣው፣ ልያዝልህ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። እውነቱን ለመናገር ሳጥኑ ባዶ ነበር። ቢሆንም ሰጠኋቸው።